ገላጋይ የሌለበት

ሐሙስ ማታ ፀጉር ቤቴ ሥራው አይገፋም፤
መቀስ ይዘገያል፣ ማሽንም አይጮህም።
ባለ ካባው ይመጣል፣ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ፣
ሰው ይሰበሰባል፣ ከጎሚስታው እስከ መናኸሪያ።
የአዳማ ነፋስ አቧራውን አዝሎ በበሩ ይገባል፣
ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከዚህ አንስቶ እዚያ ያስቀምጣል።

ዛሬ ጠቡ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ።
አንድ ለሃያ፣ በጠባብ ኮሪደር፣
መብራቱ እየበራ፣ እየጠፋ፤
የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ምላጭ በእጄ፣
ከእጄ ሥር ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ፣
አቶ ቱፋ።

«ይሄ ሰውዬ ትንፋሽ የለውም እንዴ?» አለ ቦንሳ፣ ጎሚስታው።
«እኔ አንድ የሲኖትራክ ጎማ ፈትቼ
ሩብ ሰዓት እቀመጣለሁ፣ ወገቤን ይዤ፣ ውሃ ጠጥቼ።»

ሲስተር ዝናሽ ልጇን ልታስቆርጥ መጥታ ቀርታለች፤
«እነዚያን ሃያዎቹንስ ማን ወሰዳቸው?» አለች።
«እኔ ክፍል ቢመጡ አልጋ የለኝም። ጄሶም አልቋል።
ያ በደረጃው የተንከባለለው፣ ጉልበቱን አይቼዋለሁ፣
ስድስት ወር ይተኛል። ያውም ከታደለ።»

ልብስ ሰፊው ሸምሱ ስለ ጠቡ ትንፍሽ አላለ፤
ዓይኑ ካባው ላይ ነው።
«ሰባት ክፍል ሙሉ ሲጎተት፣ ሚስማር ሲይዘው፣ ሲንጠለጠል፣
አንድ ቀን ጠርዙ አልተተረተረም!
የክሩን ዓይነት ንገሩኝና ልግዛ፣
ደንበኛ ከሚያማርረኝ።»

ልጆቹ፣ እነ ሮባ፣ ተቆጡ፦
«ስሜቱን እዩለት እንጂ! ዝም ብሎ መማታት እኮ አይደለም፣
እናቱን እያሰበ ነው!»

«እናቱን እያሰበ ነው የእናት ልጅ የሚሰብረው?»
አለ አቶ ቱፋ፣ ከአረፋው ውስጥ።
«እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው።
በዚያ ሁሉ ፎቅ፣ በዚያ ሁሉ መስኮት
አንድ ገላጋይ ይጥፋ?
አንዲት ‹ኧረ በሕግ!› የምትል ሴት፣ አንድ ከዘራ የያዘ ሰው?
እሱም ቢሆን ያዙኝ ልቀቁኝ ሳይል ነው ዘሎ የሚገባው።
ያዙኝ ያላለ ሰው ጠብን ከየት ያውቀዋል?
የጠብ እኩሌታው እኮ የሚይዝህን ሰው መፈለግ ነው።»

ሳቅን።
ሳቃችን ሳያልቅ ከውጭ ብረት ጮኸ።

ገመዳ ነው፣ ባለ ባጃጁ፤ ከአንድ የሚኒባስ ረዳት ጋር።
በሃያ ብር ነው ተባለ በኋላ፤ በመታጠፊያ ነው ያሉም አሉ።
ሙዚቃ የለውም።
ኮሌታ ለኮሌታ ተያይዘው፣ እንደ ደከሙ በሬዎች
ግንባር ለግንባር ተደጋግፈው ቆሙ።
አንዱ ቡጢ ነፋስ መታ፣
አንዱ ቡጢ የባጃጁን መስታወት አገኘ፣
ነጠላ ጫማ፣ አንድ እግሩ፣ አስፋልቱ መሐል ቀረ።
ይሄን አልቆጠርኩትም።
ገመዳ «ያዙኝ!» ሲል ሰማሁት፣
ድምፁ ተሰንጥቆ፤
ዛቻ አልነበረም፣
ልመና ነበር።

እኛ በሩ ላይ ቆመን አየን፣ ማየት የለመደ ሰው እንደሚያይ።
ከወንበሬ የተነሣው አቶ ቱፋ ብቻ ነው፤
አረፋው ከጉንጩ እየወረደ፣
ያሰርኩለት ጨርቅ ካንገቱ ሳይፈታ፣
ከኋላው በነፋሱ ተነፍቶ፣
አቧራው ውስጥ ገባ።

ሲመለስ ከንፈሩ አብጧል፤
ለገላጋይ የተረፈችው ቡጢ።
ሲስተር ዝናሽ አገጩን ወደ አምፖሉ አዞረችና
«ክፈት፣ ዝጋ፣ ክፈት» አለች፤ «አልተሰበረም።»
ሸምሱ የተቀደደውን ጨርቅ ጠርዝ በሁለት ጣቱ ዳሰሰ፣
ምንም ሳይል አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።
ቴሌቪዥኑ ለራሱ ይማታ ነበር።
ማን እንዳሸነፈ ያየ የለም።

«አቶ ቱፋ» አለ ሮባ ቆይቶ፣
«አገባብዎ ቀሽም ነበር፤ እግርዎ ተጠላልፏል።»

«ዞር በል ከፊቴ» አለ። ከዚያም ወደ እኔ፦
«አንተ ደግሞ ምን ቆመሃል?
ቀሪውን ጢሜን ላጭልኝ።»

ላጨሁት፣ ቀስ ብዬ፣
እብጠቱን እየዞርኩ።