ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ስጨርስ፣
ሆጤ ክፍል ገብቼ ዐረፍተ ነገር ሳርስ፣
«ባለቤት ይቅደም፣ ተሳቢ ይከተል፣
ማሰሪያው ካልመጣ ነገሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል» ስል
ኖርኩና ጡረታ ወጣሁ።
ተሳቢ ምን እንደሆነ ግን ዘንድሮ ገና አወቅሁ።

አራጋው፣ ባለቤቴ፣ ሲያልፍ የተወልኝ
(ፍርድ ቤት በማኅተም ባለቤት ያረገኝ)
ቦሩ ሜዳ፣ ከገብስ መጋዘን ጓሮ፣ ሸራ ለብሳ የቆመች
አንዲት አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን ነች፤
ቀይ የነበረች፤
መብራቷ አንድ ዓይና፣ ፍሬኗ የከዳ፣
ላሜራ መቀመጫዋ በሱ ልክ የተጎዳ።

«ቲቸር፣ ብቻ ያውርዷት፣ እኔ አስነሣታለሁ፤
የጋሼን እጅ ረስቼ የት እደርሳለሁ?»
አለኝ ተማም በስልክ፣ ያኔ ረዳቱ የነበረው፣
አሁን ኮምቦልቻ ላይ ጋራዥ ያለው።
ማውረድ! እንዴት ያለች አጭር ግሥ ነች፣
ሐረጎ ላይ ስትደርስ ስንት ሰው የበላች።

ሰኞ ገበያ ማዶ ተሳቢ ፍለጋ ዋልኩ።
የመጀመሪያው ባለ አንድ አክስል፣ ፍሬን አልባ፣ ርካሽ ነው፤
«ለዚች ጥጃ ምን ያስጨንቅዎታል?» አለኝ ባለቤትየው።
ጥጃ! ቶን ተኩል ትመዝናለች ጥጃዋ።
ሁለተኛው ሲሚንቶ የሚያመላልስ፣ አልጋው ከደረቴ በላይ፤
መወጣጫ የለውም። «ስምንት ልጅ ጠርተን ብድግ ነው» አሉ፤
ስምንት እናት አሰብኩና ትቼ ሄድኩ።

ሦስተኛው የእብሬ ነው። ዋጋ አልጠራም፤
«ኪሎዋ ስንት ነው? ጎማዋ አየር ይይዛል?
ከጎን ወደ ጎንስ ስንት ክንድ?» ብሎ ጀመረ።
ተሳቢው ዝቅ ያለ፣ ባለ ሁለት አክስል፣ የራሱ ፍሬን ያለው፤
ጎማውን በመዶሻ እየመታ እንደ ሐኪም አዳመጠው።
ከፈልኩ። ርካሽ አልነበረም።

ቅዳሜ ጧት በብረት ገመድ ጎትተው ሲያወጧት
ልጆቹ ደከሙና ኋላ ላይ ተዉአት።
እብሬ ራሱን ነቀነቀ። «ኋላው ከከበደ
ጭራው ተወዛወዘ፣ ተሳቢ ሳቢውን ይዞት ገደል ወረደ።
ትንሽ ወደ ፊት። ትንሽ። በቃ። እዚያ።»
ከጎማዋ ሥር ታኮ፤ በአራት ማዕዘን አራት ሰንሰለት፣
ተሻግሮ፣ ተጠላልፎ፣ አካሏን የያዘ ብረት።
«ማሰሪያ አንቀጽ ይኸውላችሁ!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።
ልጆቹ ሳቁ፤ አንዱ ለካ ተማሪዬ ነበር።

ዶሮ መዝለያን ስንጀምር ሁለተኛ ማርሽ ያዘ።
«በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» አለ፣ ለራሱ ይመስላል፤
«ፍሬን ላይ የተኛ ፍሬኑን ያቃጥላል።»
ኋላችን የሚኒባስ ጥሩንባ፣ ጎናችን ጉም፤
ዝንጀሮዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሰው ሥራ ይገመግማሉ።
እኔ በጎን መስታወት እሷን ብቻ አያለሁ፤
ባዶ መቀመጫዋ ሰው እንዳለበት ይከተለናል።

አሥር ኪሎ ሜትር እንደሄድን ዳር ይዞ ቆመ።
«ምን ሆነ?»
«ምንም። ማየት ነው።»
ነካካ፤ አንዱ ሰንሰለት ላልቷል።
«መንገድ ሲያንቀጠቅጠው ብረትም ይላላል፤
ተመልሶ ያላየ፣ አሰርኩ እንዴት ይላል?»
እሱ ሲያጠብቅ እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ።
ከአራጋው ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ሳንቆም ነው የነዳነው።
አንድ ቀን እንኳ ዳር ይዘን፣ ወርደን፣
«ላልቷል ወይ?» አልተባባልንም።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ፊት ይመታል።
ተማም በሩን በርግዶ ይጠብቃል፤ ቅጽም አለው፦
የዕቃው ዓይነት፣ ትራክተር። ብልሽት፣ ብዙ።
የባለቤት ስም፣
እስክሪብቶዬ ቆመ።
ስንቱን ልጅ «ባለቤት ረሳህ» ብዬ ማርክ የቀነስኩ
ባዶውን ትቼ፣ ፈርሜ መለስኩ።
በኛ ቋንቋ፣ ልጆች፣ ባለቤቱ ባይጠራም
ከግሡ ውስጥ አይወጣም።

ተማም ቅጹን አየ፤ መቀመጫዋን አየ፤ ምንም አላለም።
ጎንበስ አለና
የመጀመሪያውን ሰንሰለት መፍታት ጀመረ።