ሃያ ሦስት እግር

እህቴ ማስተዋል ለትምህርት ኦሳካ ከሄደች ጀምሮ፣
ቅዳሜ ሲመጣ ስልኬ ይንጫጫል፣ እንደ ጓዳ ዶሮ።

ያን ዕለት የላከችው፦
ዓሣ የሚኖርበት ባለ ስንት ፎቅ ቤት፣
አውቶብስ የሚያህል ነጠብጣብ ዓሣ አለበት፤
ሰማይ ጥግ የቆመ ግዙፍ መንኮራኩር፣
ሰው አንጠልጥሎ ነው ቀስ ብሎ የሚዞር፤
አንድ ሌላም ነበር፣ ክንዶቹን ዘርግቶ፣
ስምንት ናቸው አሉ፣ መስታወት ላይ ተኝቶ።

ቃልኪዳን ስምንቷ ነው። ፎቶውን በጣቷ ስትገፋ፣ ስትገፋ፣
ጠየቀችኝ ኋላ፣ ድምጿ ሳይከፋ፦
«አባ፣ የእኛስ የታል?»
ባዬም ተከተለ፤ «የታል?» አለ፣ «የታል?»
አምስት ዓመቱ ነው፣ እሷ ያለችውን መድገም ይወዳል።

ኪሴን ዳበስሁት፤ አምስት መቶ ብር።
ቀያሽ ነኝ በሥራዬ፤ ስለካ ኖሬ የሰው መሬት፣ የሰው ድንበር፣
የገዛ ከተማዬን በልጅ ቁመት ለክቼው አላውቅም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፋሲል ግቢ ገባን።
አስጎብኚው ንጉሥ በንጉሥ ላይ ሲደርብ
ልጆቼ ጠፍተዋል፤ አገኘኋቸው ከቅስቱ በር ሥር።
«ሁ!» ይላሉ፤ ግንቡም «ሁ!» ይላል፤
አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም መልስ ይሰጣል።

አንበሳ ቤት ደረስን።
«አንበሶቹስ?» አለች።
«ሄደዋል» አልኋት።
«ማን ከፈተላቸው?»
ይሄን አስጎብኚውም አላነሳው፣ እኔም አልመለስሁላት።
ባዬ ግን ገባ፣ በአራት እግሩ ሆነ፣ ጥርሱን አሳየና
አገሳ። አንዲት ቱሪስት ሳቀች፣ ካሜራዋን አወጣችና
አነሳችው።
ይሄኔ በአንድ ሩቅ ከተማ አንድ ሕፃን ስልክ ላይ ተደፍቶ
ጠይቆ ይሆናል አባቱን፣ በሸሚዙ እጅጌ ጎትቶ፦
«የእኛስ አንበሳ ቤት የታል?»

ከዚያ በአዱኛው ባጃጅ ቁልቁል፣ ወደ ፋሲል መዋኛ።
ገንዳው ደርቋል። ውሃ የሚያየው ጥር ላይ ነው፣ ለጥምቀት፤
እኛ የደረስነው በሚያዝያ፣ እንሽላሊት ፀሐይ በሚሞቅበት።
«ዓሣውስ?»
አፈርሁ። ጫማዬን አየሁ።
«ይመጣል» ልል ስል፣ ከውሸቴ በፊት እጄን ለቃ ሮጠች፣
ከአጥሩ ግድግዳ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ቆመች።

ሥሩ በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ተጠማዞ፣
ያፍርሰው ይደግፈው ሳይለይ፣ ግንቡን አጥብቆ ይዞ።
መዳፏን አሳረፈች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ተሻገረች፤
ስምንት ላይ ስትደርስ ዞራ አየችኝ፣ ቀጠለች።
ሃያ ሦስት።
«አባ፣ ያኛው እኮ ስምንት ብቻ ነው ያለው» አለች።

ስንመለስ፣ ስለ መንኮራኩሩ ስናወራ አዱኛው ሰምቶ
ፒያሳ አደባባዩን ዞረልን፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ መሪውን አጥፍቶ።
ትራፊኩ ፊሽካ ነፋ።
«ልጆች ናቸው!» አለ አዱኛው አንገቱን አውጥቶ።
ትራፊኩ ባዬን አየው። ሰዓቱን አየ።
«አንድ ጨምርና ሂድ።»

የተረፈችው ብር ለአንድ ስፕሪስ፣ ለሁለት ማንኪያ በቃች፤
ወደ ቤት በእግር። ባዬ ትከሻዬ ላይ ተኛ፤ እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች።

ማታ ለአክስቷ ድምፅ ቀዳች። ስለ ንጉሡ አንድ ቃል የለም፦
«እኛም ጋ አለ። ሃያ ሦስት እግር አለው።
ግድግዳ ይዞ ውሃ ይጠብቃል። አይናከስም።»

መልሱ ሌሊት ስድስት ሰዓት መጣ፣ እዚያ ሊነጋጋ።
በመጀመሪያ ዝምታ፤ ከኋላዋ ባቡር ሲያልፍ ይሰማል።
ከዚያ፦ «እዚያ ሰፈር አድጌ፣ በስንቱ ጥምቀት ዘልዬ ገብቼ፣
አንድ ቀን አልቆጠርሁትም፣ ከሥሩ ልብሴን አስጥቼ።»

ሰኞ ሥራ ስወጣ መንገዴን አጥምሜ ሄድሁ፤
ልማድ ነው፣ አንዴ የተለካ ሁለቴ ይለካል። ቆጠርሁ።
ሃያ አራት ናቸው።
አንዷ በጥላው በኩል፣ ቀጭን፣ ከቁመቷ በላይ።
አልነገርኋትም።
ለሌላ እሑድ ተውሁላት፣ አንገቷ ሲረዝም እንድታይ።