የቃጭሉ ሒሳብ

አምስት ነን በጠቅላላው፤ አንድ እሳት፣ አንድ ወናፍ፣
ከቡሽ ዛፎች መካከል፣ በአሌንቴጁ ጫፍ።
ብረት አጥፈን፣ ጭቃ ቀብተን፣ ነሐስ ከውስጥ አቅልጠን፣
ለበግ፣ ለላም፣ ለፍየል፣ ድምፅ በልክ ሰፍተን
እንሸጣለን። እንሸጥ ነበር ማለቱ ይሻላል፤
በጉ ከሜዳው ሲያልቅ የቃጭል ዋጋ ይቀላል።
ዴኦሊንዳ ናት ባለቤቷ። እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ፣
ከመዶሻዎቹ ይልቅ ቁጥር የሚያደነቁረኝ።

በመጋቢት ደብዳቤ መጣ ከኪርጊዝ ተራራ፣
አሲልካን ከምትባል፣ የአርባ አባወራ
እረኞች ማኅበር ጸሐፊ። ግማሹ ሰላምታ ነው፦
ልጆች ደህና ናቸው ወይ? የእናታችሁ ጉልበት እንዴት ነው?
ዝናብስ ጣለ ዘንድሮ? ከዚያ፣ ከገጹ በታች፦
«ጉማችን ፈረስ ይውጣል። ጉም የሚበሳ ቃጭል
ታውቁ እንደሆን ንገሩን፣ እናንተ ሰዎች።»

ሰላምታውን ዘለልኩት። ቁም ነገሩን በእርሳስ አሰመርኩ።
ዋጋ፣ ክብደት፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ የመጨረሻ ቀን፤
በስድስት መስመር መለስኩ።

ዝም አሉ።

ሚያዝያ ዝም። ግንቦት ዝም። «አለቀ፣ በቃ» አልኩ፤
በመዝገቡ ላይ ቀይ መስመር እንደ ሬሳ አጋደምኩ።
ዴኦሊንዳ አየችው። «አባቴ» አለች፣ «ቃጭል ሲፈትን
የመጀመሪያው ድምፅ ሳያልቅ ሁለተኛ አይመታም ነበር።
እኛ ምን ቸኮልን?»

አሮጌዋን ፒክአፕ ሸጥን። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ትኬት በቃ፤
ሄደች፣ ሰባት ቃጭል በሱፍ ካልሲ ጠቅልላ፣
ከአንዲት የወይራ ዘይት ጠርሙስ ጋር አጣብቃ።
ጉምሩክ ላይ፦ «የሙዚቃ መሣሪያ ነው ወይስ የእርሻ ዕቃ?»
አንዱን ነቀነቀች። ከሰልፉ አንድ ሕፃን እንደ ግልገል መለሰላት።
ሰውዬው ሳይስቅ «ልዩ ልዩ» ብሎ ጽፎ አሳለፋት።

ዝምታው እምቢታ አልነበረም ለካ፤
መንደሩ ወደ በጋ ግጦሽ ወጥቷል፣ የስልክ ሞገድ ከማይነካ
ከፍታ። ደብዳቤዬንም ሽማግሌው ኩባኒችቤክ አስነብበው፦
«እንደምን ናችሁ ያላለ ሰው ታሞ ይሆናል፤
እስኪድን እንተወው»
አሉ ኖሯል።

የበግ ሥጋ ቀረበ፤ ለእንግዳ የሚገባውን ብልት መርጠው ሰጧት።
ውሉን ከቦርሳዋ ስታወጣ ግን ሽማግሌው በእጃቸው አገዷት።
«ቆይ ልጄ። ያንቺን ስም ሰማን። ሰባት አባቶችሽን ቁጠሪ።»
ከሦስት አላለፈችም።
«የቀሩትስ?» አሏት። «አትፍሪ።»

ያኔ ካልሲዎቹን ፈታች፤ ቃጭሎቹን ደረደረች በምንጣፉ።
እያንዳንዱ ማኅተም አለው፣ የቀጥቃጩ ምልክት ከጫፉ፦
ጨረቃ የአባቷ ነው። ዓሣ የአያቷ። የቅድመ አያቷ ቁልፍ።
ከዚያ ወዲያ ስም አታውቅም። እጅ ግን ታውቃለች፦ የግራኙን እጥፍ፣
ከንፈር የሚያሳሳውን፣ ወፍራም ጆሮ የሚቀጥለውን።
እየመታች፣ ድምፁ እስኪያልቅ እየጠበቀች፣
ቆጠረች ሁሉን።

ሰባተኛው ሲበርድ፣ ውጭ አንዲት ባዝራ አሽካካች።
«አሁን» አሉ ኩባኒችቤክ፣ «ዋጋው ስንት ነው?»

ዋጋው ላይማ ምሕረት የለም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከሩ።
ስልሳ ቃጭል፤ ግማሹ ቅድሚያ፣ ግማሹ በጎች ሲሸለቱ፤
ድምፁ ወፈር ይበል፣ ብለው ውሉን አሠሩ።

ትርፉ ትንሽ ነው። ባንኮቹ በመካከል ብዙ በሉት።
ፒክአፗንም አላስመለሰን፤ ዕቃ በጎረቤት በቅሎ ነው የምንጭነው፣ እውነት።
ግን ቀዩን መስመር በላጲስ አሸሁት። አልጠፋም፤ ሮዝ ሆነ።

ዛሬ ማታ ለአሲልካን እየጻፍኩ ነው፦ የኩባኒችቤክ ሳል ተሻለ ወይ?
ግልገሏ ባዝራ ቃጭሉን ለመደች፣ ወይስ አሁንም ትደነብራለች ወይ?
የእናቴ ጉልበት ደህና ነው። እዚህ ዝናብ አልጣለም፤ ቡሽ ተላጠ።
ሁለት ገጽ ሞላሁ።

በሦስተኛው ገጽ፣ ከግርጌው፣ በትንንሽ ፊደል፦
የቀረውን ግማሽ ሒሳብ በተመለከተ…