የቦዲል ሁለት እግሮች

ኤስቢየር ወደብ ላይ፣ ሠላሳ አንድ ክረምት
ቆማ ነው የኖረች፣ ዓሣ በመለየት፤
ትልቁን ወደ ግራ፣ ትንሹን ወደ ቀኝ።
"ቁሚ ያለኝ ሥራ፣ ሲያልቅ ቁጭ አረገኝ"
ትላለች ቦዲል፣ ጡረታዋን ስትረግም፤
ወንበር ደግ ነውና "ተነሽ" አይልም።
ስኳሯም ቀስ ብሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ ወጣ፣
ማታ ማታ ባሕሩ
ድንጋይ እየዋጠ እንደሚመጣ።

ማስታወቂያ አይታ፣ ባቡር ይዛ ኦዴንሴ፣
"ይሞክሩብኝ እስቲ፣ ምን ቀረብሽ ነፍሴ!"
ቶርኪል የሚባል ልጅ፣ ጺሙ ገና ያልበሰለ፣
"አንዱን እግር ብቻ እናሠራለን" አለ፤
"ቀኙ ፔዳል ይርገጥ፣ ግራው ይረፍ ዝም ብሎ፣
ስድስት ሳምንት ይሂድ፣ ሰውነት ተከፍሎ።"
"ወደ ቤት ስመለስ በየትኛው ልሂድ?"
ልጁ ሳቀ፤ ጥናቱ አያወራም ስለ መንገድ።

መጀመሪያ መርፌ።
ከሁለቱም ጭኗ፣ ሩዝ የምታህል ሥጋ ቆንጥረው ወሰዱ፤
ዓይኗን አልጨፈነችም። ዓሣ ስትበልት ለኖረች፣
ቢላ አዲስ አይደለም፣ የተገላቢጦሽ ሆነ እንጂ መንገዱ።

ከዚያ ቀኙ ጀመረ።
ለጥቂት ሰከንድ የያዘው ስንቅ ወዲያው ተጨረሰ፣
ቀጥሎ የተከተተው ስኳር ከጡንቻው ጎተራ ታፈሰ፣
ጭኗ ውስጥ ፍም ተነሰነሰ።
"ላክቴት ነው" አለ ቶርኪል፣ "ይታማ ነበር ድሮ፤
አሁን ግን ልብ ራሱ ያነደዋል፣ ከማገዶ ቆጥሮ።"

ከኩላሊቷ አናት አድሬናሊን ወጥቶ፣
በደም ጎዳና ላይ አዋጁን አሰምቶ፣
የግራውን የቀኙን፣ ሁለቱን በር መትቶ፣
"ስብ ይቅለጥ! ይከፈት የጉበት ጎተራ!"
ቀኙ ታጥቆ ወጣ።
ግራ ገባው ግራ።

ጡንቻ አፍ የሌለው ሎሌ ነበር፣ እንደ እሷ ግምት፤
ለካ እሱም ጸሐፊ ነው፤ ሲሠራ፣ ደም ላይ ይጽፋል
"ስንቄ እያለቀ ነው" የሚል ደብዳቤ ለጉበት።

ስድስተኛው ሳምንት። ክንዷ ላይ ሁለት ቱቦ፤
በአንዱ ኢንሱሊን፣ በአንዱ ስኳር ተንጠባጥቦ፣
አንድ ልብ የገፋው፣ አንድ ደም፣ አንድ መልእክተኛ
ሁለቱን ጭኖች አንኳኳ።
ግራው "ማነህ? ቆይ" አለ፣ መቀርቀሪያው ዝጎ፤
ቀኙ ግን ከትናንት ጀምሮ በሩን ወለል አርጎ
ስኳሩን ከደጅ ተቀበለ፣ እንደ ዘመድ ናፍቆ ፈልጎ።
"ሆርሞኑስ ያው ነው" አለ ልጁ፣
"የሚለየው ሰሚው ነው።"

ቶርኪል ወረቀት አሳያት፦ ሁለት መስመር፤
አንዱ ሽቅብ ሲወጣ፣ አንዱ የተኛ ከምድር።
ቦዲል መነጽሯን ጠረገች። ብዙ ዝም አለች።
በጣቷ የታችኛውን ነካች፤
"ይሄ ኤቤ ነው" አለች።

ኤቤ ባሏ፦ አንድ ማዕድ፣ አንድ ዳቦ፣ አንድ ጨው፤
እሷ ወደብ ስትቆም፣ እሱ ከመስኮቱ ሥር መርከብ የሚቆጥረው።
በዚያው ወንበር ላይ ነው፣ አንድ ጥቅምት ማለዳ፣ ቀዝቅዞ ያገኘችው።

ጥናቱ አለቀ። አበል ተከፈላት፣ ፈረመች።
ኤስቢየር ስትደርስ ግን አሮጌ ብስክሌት ከምድር ቤት አወጣች፣
የኋላውን ጎማ በሁለት የዓሣ ሣጥን መሐል ሰቅላ ወጥ ቤት አቆመች፤
ቀኝ እግሯን አነሳች፣
በኤቤ ወንበር ላይ፣ ጫማውን እንዳጠለቀ፣ አሳረፈች።
"ተራው ያንተ ነው" አለችው ግራውን።
ግራው ተንቀጠቀጠ።
"አንድ" ብላ ጀመረች፣ ዓሣ እንደምትቆጥር፤
ሠላሳ ላይ ስትደርስ ላቧ ጠብ አለ፤
ከውጭ፣ ባሕሩ ከድንጋዮቹ ላይ
ወደ ኋላ ይሳብ ነበር።