አምስት መቶ ቃል

ዓርብ ከሰዓት፣ ሻርጃ፣ ከሮላ ገበያ ጀርባ፣
ከልብስ ስፌቱ ቤት በላይ፣ ደረጃ ወጥቼ ስገባ፣
የሌት ፈረቃ እንቅልፌ ከዓይኔ ላይ ገና ሳይራገፍ፣
የመጋዘኑ ካርቶን ሽታ ከልብሴ ላይ ሳይረግፍ፣
እነ ረምላ ቀድመውኛል።
ኪሩቤል ቅጹን ዘርግቷል፤
ያረጀው አየር ማቀዝቀዣ ባልዲ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፤
ጠብ።
ጠብ።

ሁለቱም አሥራ ሁለተኛ፤ ሁለቱም ዘንድሮ ይወጣሉ፤
ወዴት እንደሚወጡ ግን እኔን ይጠይቃሉ።
"ሚያዝያ ላይ የአባቴ ውል…" ይላል ኪሩቤል፤ አይጨርስም፤
ቀሪውን ሁላችን እናውቃለን፤ ጮክ ተብሎ አይነገርም።

ፊዚክስ ቢሆን በቀለለኝ፤ ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤
ስድስት ዓመት አሰላ ላይ የጠመኔ ብናኝ ቅሜያለሁ።
የዩኒቨርሲቲው ቅጽ ግን ያመጣብን ሌላ ነገር፤
"ስለ ራስህ" ይላል፣ "በአምስት መቶ ቃል ተናገር።"

ማን አስተምሮን ያውቃል "እኔ" እንዴት እንደሚባል?
በእኛ ቤት "እኔ" ያለ ልጅ በዓይን ብቻ ይቆነጠጣል።
ሰው ሲያመሰግንህ መሬት ማየት፣
"ኧረ ምኑን ሠራሁት" ማለት፣
ይኸው ነው ያወረሱን ጨዋነት።

ረምላ ጻፈች፦
"እኛ በቤታችን አምስት ነን።
እናታችን አባያ ትሰፋለች።
አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።"
አሥር ቃል። ቆጠርሁት።
"አንቺስ?" አልኋት፤ "አንቺ የታለሽ?"
"አምስት ነን አልኩ እኮ፤ አንዷ እኔ ነኛ" አለችኝ።
ቀዩን እስክሪብቶ ከደንሁት፤ ልጅት አሸነፈችኝ።

ይኼኔ ባልዲው ሞላ። ብድግ አለች፤ ሳይፈስባት አንድ ጠብታ
ደረጃውን ይዛው ወረደች፤ ተከተልኋት በዝግታ።
ከሕንፃው ጓሮ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ፣ ከአሸዋው ላይ፣
ጉልበቴን የማታልፍ ኒም፣ ቅጠሏ አቧራ ለብሶ፣ ቀና ብላ ወደ ሰማይ።

"በቀን ስድስት ሊትር ነው" አለችኝ፤ "ነሐሴ ላይ ዘጠኝ ይሞላል፤
ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ ውሃው ይበዛል፤ ከበረሃ ሲመጣ ይጎድላል።
ሁለት ዓመት ጽፌዋለሁ።"
"የት?"
"ከሒሳብ ደብተሬ ጀርባ።"

ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ፣
እርጥበት እንዴት ውሃ እንደሚሆን በሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣
አንድም ቀን ባልዲ አስቀምጬ አላውቅም፣ ጠብታ እንኳ ለመቅጠፍ።

"ታዲያ ይኼን ለምን አልጻፍሽም?"
"ይኼማ ውሃ መድፋት ነው፤" አለች፤ "ቁም ነገር አይደለም።"

ጻፊው አልኋት። እንዳወራሽኝ። ገንዳውንም፣ ሽታውንም።
ቤት ሄዳ ስትጽፈው ግን ትልልቅ ቃል አሰለፈች፤
"ራእይ" አለች፤ ሰረዝሁ።
"የነገ ተስፋ" አለች፤ ሰረዝሁ።
"አንዳንድ ቀን ደረጃው ይሰለቸኛል፤ የማጠጣት ግን አልተውም" የምትል
ከጥግ ተደብቃ ነበር፤ እሷን ከላይ አወጣሁ።
ኪሩቤልም አይቶ የራሱን ቀደደ፤
አባቱ የጭነት መኪና ውስጥ ስላስተማረው ካርታ ማንበብ
እንደ አዲስ ጀመረ።

በሦስተኛው ዓርብ ነው፣ ባዶ ቅጽ ገፋ ያደረጉልኝ።
"ጋሽ ደምስ፣ እርስዎስ?" አሉኝ።
ሳቅሁ።
እነሱ አልሳቁም።

ይኸው ሌሊት ነው፤ መጋዘን፣ በሁለት መደርደሪያ መሀል፣
የሳሙና ካርቶን ጀርባ ላይ እስክሪብቶዬ ይንፏቀቃል።
"እኛ" ብዬ ጀመርሁ፤ ሰረዝሁ።
"መምህር ነበርሁ" አልሁ፤ "ነበርሁ"ን አየኋት፣ ቆየሁ፣
እሷንም ሰረዝሁ።

አራት መቶ ያህል ደርሻለሁ፤ መቶ ቃል ይቀረኛል።
ዓርብ ያርሙልኛል።