ለቅርፊት ዘጠኝ ዓመት

መጀመሪያ የከዳት ጽሕፈቷ ነበረ፤
መስመር የማይስተው ጣቷ ተሳከረ።
ፊደሏ አነሰ፣ እርስ በርሱ ተጠጋ፣
ዝናብ እንዳባረረው የጉንዳን መንጋ።

ከዚያ ሣቋ መጣ፤
ቀብር ላይ፣ ቄሱ ፊት፣ ያለ ቦታው ወጣ።
ከዚያ ቁጣዋ፤ አንድ ማታ ሳህኗን ወረወረች፣
በምስር ሾርባ ግድግዳው ላይ የማናውቀውን አገር ካርታ ሣለች፤
ወዲያው እግሬ ሥር ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

እኔ አንቲዮኮ ነኝ፤ የቡሽ ዛፍ ቅርፊት ልጦ አዳሪ፣
በጋሉራ ጫካ፣ በመጥረቢያ ጀርባ ግንድ መርማሪ።
ከድምፁ አውቃለሁ ውስጡ የነቀዘውን፤
የገዛ ልጄን ሳንኳኳ ግን የሰማሁት ውጪውን።

«ዕድሜዋ ነው» አሉ መምህሯ፤ «ዐሥራ ሦስት ዓመት እሾህ አለው፣
ራሱ አብቅሎት፣ ራሱ ነው የሚነቅለው።»
ጎረቤታችን ፔፓ ስንዴ ቆጥራ ውኃ ውስጥ ጣለች፤
ፍሬው ላይ አረፋ አየች።
«ዐይን ነው፤ ዐይን በልቷታል» ብላ ሦስቴ አማተበች።
የሳሳሪው የአእምሮ ሐኪም ግማሽ ሰዓት አዋርቷት
ኪኒን ሰጣት፤
አንገቷ ደረቀ፣ ምራቋ አገጯ ላይ ወረደ፣
ከሣቋና ከቁጣዋ ጋር የልጄም ፊት አብሮ ሄደ።

ሌሊት ሌሊት እኔና ማዳሌና በሹክሹክታ እንካሰስ ነበር፦
«የእናትህ እኅት አብዳ አልሞተችም? ያንተ ዘር!»
«ያባትሽ እጅ አይንቀጠቀጥም ነበር? ያንቺ ዘር!»
ልጆቹ የተኙት ከስሷ ግድግዳ ባሻገር።

በየካቲት ትኩሳት ቢይዛት ኦልቢያ ይዘናት ወረድን።
ተረኛዋ ዶክተር ፒሬዳ ገና ወጣት ናት፤
ስለ ጠባይዋ አልጠየቀችንም።
«የድሮ ደብተሯ ይኖራል?»
ማዳሌና ከቦርሳዋ አወጣችው፤
ይዛው እንደምትዞር እኔ አላውቅም ነበር።
ሐኪሟ ገጾቹን ገለጠች፣ ጉበቷን ዳሰሰች፣
መብራቱን አጠፋች፤
በቀጭን ብርሃን ተጠግታ የቦናሪያን ዐይን አየች።
«ዐይኗ ነው» አለች።

ፔፓ ትዝ ብላኝ ሣቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤
«ኑና እዩ» አለችን፤ አየን፦
በጥቁሩ ዳርቻ የዞረ፣ ቡናማ፣ ወርቅ መሳይ ቀለበት፣
ማንም ያላጫት፣ ማንም ያላሰረላት፣
ስንት ጊዜ ስናፈጥባት
ያላየንባት።
«መዳብ ነው» አለች፤ «ጉበቷ ማስወጣት ያቃተው፣
አንጎሏ ውስጥ ገብቶ የተከማቸው።»

«ዘሩስ?» አልኩ አፍሬ፣ «ዘሩስ ከየት ነው?»
«ግማሹ ካንተ፣ ግማሹ ከሷ፤ አንዱ ብቻውን አያሳምምም።»
ማዳሌና እጄን ያዘችኝ፤ ከዓመት ወዲህ ይዛኝ አታውቅም።
«ታናሽየውንም አምጡት።»
ሊሳንድሩ፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ብርጭቆ እንኳ ሰብሮ የማያውቅ፤
መዳቡ እሱም ዘንድ ነበረ፣
እቃ ሳያነሣ የተያዘ ሌባ።

መድኃኒቱ መጀመሪያ አባሰባት፤
ማንኪያ መያዝ እንኳ አቃታት።
ጉበት፣ ለውዝ፣ ቸኮላት፣ እንጉዳይ ከቤታችን ወጡ።
ዛሬ ማለዳ ማለዳ በባዶ ሆድ፣ እኅትና ወንድም ጎን ለጎን ሲውጡ
ማን እንደሚቀድም ይወራረዳሉ፤
ዕዳው አልጋ ማንጠፍ ነው፤ ሁለቱም ያጭበረብራሉ።

ቅርፊቱን ስልጠው ግንዱ ቀልቶ ሥጋ መስሎ ይቀራል፤
የዓመቱ ቁጥር በነጭ ቀለም ይጻፍበታል፣
ዘጠኝ ዓመት አትንኩኝ ይላል።
መጥረቢያም፣ ጌታም ቢሆን፣ አያስቸኩለውም።
የልጄ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አልቆጥርም እላለሁ፤ እቆጥራለሁ።

ትናንት የገበያ ዝርዝር ጻፈችልኝ፤
ከአንድ ቃል በቀር ሁሉንም አነበብሁ።
ያን አንዱን ባለሱቁ አወቀልኝ፤ «ጨው ነው» አለ።

ማታ ግድግዳውን አየች።
«ይሄን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ አይደል?»
ማዳሌና ማንኪያዋን አቆመች። እኔም መልስ ጠፋኝ።
«መዳቡ ነው» አለ ሊሳንድሩ፣ አፉን ዳቦ እንደሞላው።
ተነሣች፤ ጨርቅ አረጠበች፤
እጇ አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ፈተገች፣ ፈተገች።
ካርታው አልለቀቀም፤
ድንበሩ ግን ደበዘዘ።