ክፍት መደብ

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሰንጋ ተራ ማዶ፣
መስኮቱ ግማሹ በካርቶን ተጋርዶ፣
የአምስት ዓመቱን ዕቅድ የምናዘጋጀው።
«የሚያስፈልግ ነርስ» የመጀመሪያው ዓምድ ነው፤
«ያለ» ይላል ቀጣዩ፤ «ልዩነት» መጨረሻው።
ልዩነቱን ማሽኑ ራሱ ያቀላዋል፣
የቀረው ሥራ ሁሉ ቃልአብ እጅ ላይ ይውላል።

ቃልአብ ደግ ልጅ ነው። ሻይ ሲያዝ ያዝልኛል።
«ሲስተር፣ ረድፍ አርባ ሁለት ምን ልሙላ?» ይለኛል፤
«ለአንዲት ነርስ፣ በሌሊት፣ ስንት ይሁን ታማሚ?»
መመሪያው ስድስት ይላል። እኔ ግን ነኝ ሰሚ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዳር የገባ ጆሮ
ቁጥር ሲነሣበት ይነቃል አብሮ፣
ደወል ይሰማዋል።
ደወል እንኳ አልነበረንም፤
ማንኪያ ነው፤
አስታማሚ በአልጋው ብረት ላይ የሚቀጠቅጠው።

ሐምሌ ነበር፣ ዝናብ። አርባ አንድ አልጋ ሞልቶ፣
ሦስት ፍራሽ ደግሞ በር ሥር ተዘርግቶ፣
ተረኞች ሁለት ነን፤ እኔና አስካለማርያም።
እሷ ከተገላገለች አራት ወር አልሞላም፣
ጋወኗ ደረቱ ላይ በወተት ረጥቧል፣
ማንኪያው ከዚህ ከዚያ ይደበድባል።
አሥራ ሰባት ጠራ። ሠላሳም ተጣራ።
ሁለት እግር ቢኖረኝ አይሄድም በየጎራ።
ሠላሳ ዘንድ ሄድኩኝ፤ ኦክስጅን አልቆበት፣
መፍቻው ጠፍቶ ሲሊንደሩን በመቀስ ታገልኩት።
ስመለስ
አሥራ ሰባት ጋ ድምፅ የለም።
የጋሽ ደምሰው፣ የፖስታ ቤቱ ጡረተኛ ሚስት
ማንኪያውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣
እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሕፃን አቅፈው
ቆመዋል።
«ይቅርታ ልጄ፣ አስቸገርንሽ» አሉኝ።

ለዚህ ዓምድ የለውም ሠንጠረዡ።

ድሮ መደብ ማለት የጭቃ ልስን ነበር፣
እንግዳ የሚያርፍበት፣ የደከመ እግር።
አሁን የደመወዝ መስመር ነው፣ ቁጥር ያለበት፣
ከላይ ካልተፈቀደ ሰው የማያርፍበት።
«ክፍት መደብ፣ ሦስት መቶ ስድሳ» ይላል ወረቀቱ።
አልጋው ጢም ብሎ ሳለ መደቡ ነው ክፍቱ።

አስካለማርያም እዚህ የለችም፤ ሻርጃ ናት፣
በየሁለት ሰዓቱ የሰው እናት የምታገላብጥ ናት።
በእኛ ቋንቋ አንዲት ነርስ «አንድ ነጥብ ዜሮ» ናት፤
ስትወልድ ሁለት አትሆንም፣ ግማሽ ነው የሚሏት።
ከሠንጠረዡ ውስጥ ግን አልጠፋችም፤ አለች፣
«ፍልሰት» ከሚለው ረድፍ፣ ከነጥቡ በኋላ ገብታለች።

ስብሰባው ላይ ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው
ዓይናቸውን አሹ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤
በጀቱን ታውቁታላችሁ፣ የሠራችሁት እናንተው።
ሲሶውን ለዘንድሮ፣ ቀሪው በምዕራፍ።»
ማንም ክፉ አልነበረም በዚያ ጠረጴዛ ጫፍ።
እኔም ነቀነቅኩ ራሴን።
ሁሉም ሲወጣ ግን ማሽኑን መልሼ ከፈትኩት፣
ረድፍ አርባ ሁለት ላይ፣ ከስድስት አጠገብ፣
«ማንኪያ» ብዬ ጻፍኩበት።
ነገ ቃልአብ ያጠፋው ይሆናል፤ ስሕተት መስሎት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቁልቁል ወረድኩ። ዘንቧል።
በቸርችል መንገድ ጎርፉ ካልሲ ያስወልቃል።
ከሜክሲኮ የመጣ ታክሲ ሰው አራገፈ
በሆስፒታሉ በር፣ ውኃውን እየቀዘፈ።
ሶሬቲን አየኋት፤
ደም ሥር በጣት መፈለግ እኔ ያስተማርኳት፣
ጃንጥላ የላትም፣ ፌስታል ነው አናቷ ላይ፣
ትሮጣለች። ተረኛ ናት።
«ስንት ናችሁ ዛሬ?» ጮህኩ ከመንገዱ ማዶ።
ሳትቆም እጇን አነሣች።
አንድ ጣት ይሁን ሁለት
በዝናቡ አልለይ አለኝ።